አደራ ያለበት ዲስክ

እኔ አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት ማቀድ እወዳለሁ። ባለቤቴ አስካለ ይህን ስናገር ከሰማች «ከመጀመሬ በፊት» ያልኩት ላይ ሳቋ ያመልጣታል፤ ጀምሬ አይታኝ አታውቅማ። ነገሩ ግን በዘር የወረደብኝ ነው። አያቴ በባቡሩ ዘመን ሐዲዱን ተከትሎ ጅቡቲ የገባ ሰው ነበር፤ አባቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጣቢያው ውስጥ የባቡር መነሻና መድረሻ ሰሌዳ ሲጽፍ ኖረ። ባቡሩ ይዘግይ ይቅደም የእሱ ጉዳይ አልነበረም፤ ሰሌዳው ይመር እንጂ። እኔም የፍሪጃችን በር ላይ የትኛው መደርደሪያ ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ንድፍ ለጥፌአለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ከውሃ ሌላ ምን ይታሰባል?

ለማንኛውም ወጌ ስለ ኮምፒዩተራችን ነው። ከዱባይ በመርከብ ተጭኖ የመጣ፣ ከእኛ በፊት ሌላ ጌታ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የቀድሞ ጌታው አረብ መሆኑን ያወቅነው ቁልፎቹ ላይ ከለጣጠፋቸው ፊደሎች ነው። ስንገዛው ደህና ነበር፤ እየቆየ ግን ዊንዶውሱ አረጀና ሲከፍቱት የማይከፈት ሆነ። ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በራፍ ላይ ከሰው ጋር ስለ ሙቀቱ ተማርሬ ስመለስ ያቺ ክብ ምልክት ገና እየተሽከረከረች አገኛታለሁ። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ይብስበታል፤ ያለከልካል። ያን ጊዜ አስካለ ቬንቲላተሩን ከእኔ ላይ አንስታ ወደ እሱ ታዞራለች።

«አንተ ሲሞቅህ ትለፈልፋለህ። እሱ ምስኪን በምን አፉ ይናገር?» ትለኛለች።

ይህን ሁሉ መከራ ጎረቤታችን ሑሴን ከበራፉ ሆኖ ያያል። ሑሴን ሶማሌ ነው፣ ድሬዳዋ ያደገ። ፈረንሳይኛውን ለቢሮ፣ ሶማሊኛውን ለቤቱ፣ አማርኛውን ደግሞ እኔን ለመስደብ ነው ያስቀመጠው። አንድ ቀን መጣና የምትሽከረከረዋን ክብ ቆሞ ሲያያት ቆየ።

«አቦ ይሄን ዊንዶውስ ቅበረውና ሊኑክስ ጫንበት» አለኝ።

«ሊኑክስ ምንድነው?»

«እሱም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ግን ቀላል ነው፣ ሽማግሌ ኮምፒዩተር አይከብደውም። መጫኛውን በፍላሽ አመጣልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ ከመጫንህ በፊት ዲስኩን መከፋፈል አለብህ። የትኛው ክፍል ለምን እንደሚሆን ቁጭ ብለህ ታቅዳለህ።»

ሰው ለካ ከሚስቱ አፍ ያልሰማውን የፍቅር ቃል ከጎረቤት ይሰማል። ቁጭ ብለህ ታቅዳለህ አለኝ እኮ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ዲስክ ማለት አንድ ሰፊ ክፍል ነው በሉት፤ በመጋረጃ ትከፋፍሉታላችሁ። አንደኛው ሊኑክስ ራሱ የሚኖርበት ነው። ሌላው የእናንተ ዕቃ፣ ፎቶውም ምኑም የሚቀመጥበት ነው፤ ይህንን «ቤት» ይሉታል። ደግሞ ስዋፕ የምትባል አንዲት ጠባብ ጥግ አለች፤ ውስጥ ሲጨናነቅ ሥራው ወጣ ብሎ የሚተነፍስባት ነች። የጅቡቲ ሰው ሙቀቱ ሲበረታ ፍራሹን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣ የለ? ስዋፕ ያ ጣራ ነው። መጋረጃዎቹን አንዴ ከሰቀላችሁ በኋላ ማንቀሳቀስ ጣጣ ስላለው ነው አስቀድሞ መታቀዱ።

እኔም አቀድኩ። አንድ ትልቅ የግድግዳ ካሌንደር ገልብጬ ጀርባው ላይ በአስካለ የልብስ ጠመኔ ዲስኩን ሳልኩት። የቤታችን የፊት ክፍል የአስካለ ስፌት ቤት ስለሆነ ጠመኔና ሜትር አይጠፋም። ሳልኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ሳልኩ። ለስዋፕ ምን ያህል ይበቃል የሚለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ስዋፕ ስፋት ያነበብኩትን ያህል ዳዊት ደግሜ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አንድ ደብር ይሰጠኝ ነበር። ሑሴን ይስፋ ይላል፣ እኔ ይጥበብ እላለሁ፤ በማግስቱ እኔ አሳምኜው ይጥበብ ሲል እኔ ደግሞ በእሱ ሐሳብ ተሸንፌ ይስፋ እላለሁ። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ሰፈራችን ቡላኦስ ውስጥ፣ ካርቲዬ ዶ በሚሉት መንደር መንገድ ላይ፣ ሁለት ጎልማሶች ስለ አንዲት ጥግ ተኮራርፈው የየራሳቸውን በር ሲዘጉ ያየ ሰው የመሬት ክርክር መስሎት አልፏል።

በመጨረሻ ዕቅዱ ሲያምርልኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አስካለን ጠራኋት። መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሊኑክስ እዚህ ይሆናል፣ ዕቃችን እዚህ፣ ስዋፕ ደግሞ...»

መርፌውን አወጣችና «አደራው የት አለ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ወጉን ትቼ ስለ አደራው ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ሚስቴን ግትር ትሏታላችሁ። ስፌት ቤቱ ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጎን አንዲት ሶኬት አለች። ከአገር ቤት መጥተው ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ዐረብ አገር የሚያልፉት ልጆች መንገድ ላይ የተቀደደ ልብስ፣ የተበጠሰ ቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። አስካለ ስትሰፋላቸው እነሱ ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ አረንጓዴ ሻርፗን አሰፍታ፣ ስልኳ እስኪሞላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ሳለ «እትዬ፣ ባሕሩ ላይ ስልክ አይተርፍም ይላሉ። አንዲት የእናቴ ፎቶ አለችኝ፣ እናንተ ዘንድ ትቀመጥልኝ?» አለቻት። አስካለ እኔን አየችኝ፣ እኔ ኮምፒዩተሩን አየሁ፤ ፎቶዋ ዲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ገባች።

ይህ ወሬ እንዴት እንደተሰማ እንጃ፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ስልኩን ከሶኬቱ ሲነቅል «እኔም አደራ ነበረኝ» ማለት ጀመረ። የልጅ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የአባት ድምፅ። ስማቸው ስለሚመሳሰልባት አስካለ ፎልደሩን የምትሰይመው በሰፋችላቸው ነገር ነው። በአንድ ጣቷ እየፈለገች «ዘይነባ አረንጓዴ ሻርፕ»፣ «ሰይድ ዚፕ»፣ «ከድር የቦርሳ ማንገቻ» ብላ ትጽፋለች። አንዱንም ከፍታ አታውቅም። አንዳንዶቹ ከወራት በኋላ ይደውሉና «ደርሻለሁ እትዬ» ይሏታል። ያልደወሉትን በቤታችን አናነሳም። ፎልደራቸው ግን አለ፣ እሷም ደህና መሆኑን አንዳንዴ እንዳይ ታዘኛለች።

ሑሴን የአስካለን ጥያቄ ሲሰማ ሳቀ።

«አስኩዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ሁሉንም ወደ እኔ ትርፍ ዲስክ እንቀዳዋለን። ከዚያ ይሄን ዲስክ ጥርግ አድርገን ከፋፍለን እንመልሰዋለን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ሲሉ አልሰማሽም?»

«አደራ ከተቀመጠበት አይነሳም» አለች አስካለ። «ልጆቹ ለእኔ ነው የሰጡት። ለሑሴን ቤት ስጪ አላሉኝም።»

«ቅጂ ነው የምልሽ። ዋናው እዚሁ አለ።»

«አንድ ሰጡኝ። ሁለት ካደረግሁት ሁለተኛው የማን ነው?»

ሑሴን እንድፈርድ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከሚስቴ ጎን ቆምኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው አልኩት። እውነቱን ለመናገር ለአደራው ብቻ ብዬ አልቆምኩም። ዲስኩ ሁሉ ከተጠረገ እኮ ዕቅዱ የሕፃን ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። አደራው ባለበት ይቀመጥ ከተባለ ግን ማሰብ ይጠይቃል።

ማሰብ የጠየቀውም ይኸው ዲ የተቀመጠው የዲስኩ መሀል ላይ ስለሆነ ነው። በስተግራው ሲ አለ፣ በስተቀኙ ኢ አለ። ሁለቱን ማጥፋት እንችላለን፤ መሀሉን ግን መንካትም መግፋትም ክልክል ሆነ። ግቢያችን ውስጥም ልክ እንዲህ ያለ ነገር አለን። አያቴ የተከላት የኒም ዛፍ መሀል ላይ ቆማለች፤ ቤቱ ሲሠራ እሷን ማን ይደፍራል ተብሎ ወጥ ቤቱ በግራ፣ መኝታ ቤቱ በቀኝ ሆነ። እስከ ዛሬ ድስት ተሸክመን ዛፍ ዞረን ነው ምሳ የምንበላው። ስለዚህ ሊኑክስንም እንደዚያው አደረግሁት። እሱ በግራ፣ ዕቃችን በቀኝ፣ ስዋፕ ከሊኑክስ እግር ሥር። አንደኛው ለሊኑክስ፣ ሁለተኛው አይነካም፣ ሦስተኛው ቤት ይሆናል ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ።

አስካለ አሁንም አላመነችኝም። ዕቅዱን ከግድግዳው ነቅላ ስፌት መኪናዋ ሥር አስገባችና በዲ ዙሪያ በቀይ ክር ዚግዛግ ሰፋችበት። ወረቀት ሲሰፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል።

«በዚህ ክር ውስጥ እንዳትገባ» ብላ መለሰችልኝ።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን በመሆኑ፣ ጀመርን። ሑሴን ፍላሹን ሰካ፣ ኮምፒዩተሩ ተነሣ፣ መጫኛው በየትኛው ቋንቋ እንነጋገር ብሎ ጠየቀን። ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አማርኛን መረጥኩ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ጽሑፍ ግን ካህን ቢጠራም የሚፈታው አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ አንብቤ ወደ ፈረንሳይኛ ሸሸሁ። ወዲያው የቁልፎቹ አቀማመጥ ከማያ ገጹ ጋር አልስማማ አለና የገዛ ስሜን ጽፌ የማላውቀው ሰው ስም ወጣ። ይህን ስናስተካክል የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ሑሴን ሊሰግድ ሄደ፤ እኔ ዕቅዴን ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቅዬ ጠበቅሁት። ሲመለስ የቀን ድርሻውን ጫት በብብቱ ይዞ ነበር። አንድ ጉንጩን ሞላና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ የዲስኩ ገጽ ተከፈተ።

ሲ የለም። ዲ የለም። ኢ የለም። እኛ ያወጣንላቸውን ስም ጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ስፋታቸውም እርስ በርሱ የተቀራረበ ነው፤ ከእኔ ወረቀት ጋርም ትክክል አልገጠመም።

«የትኛው ነው ዲ?» አልኩት ሑሴንን።

«ወረቀትህ ምን ይላል?»

«ሁለተኛው አይነካም ይላል።»

«እንግዲያው ሁለተኛውን ተወው። ለዚህ አይደል እንዴ ሳምንታት ያሰቃየኸኝ?»

እውነት ነው፣ ለዚህ ነበር። አንደኛውን ለሊኑክስ ሰጠሁ፤ ከእግሩ ሥርም ለስዋፕ ጥግ ቆረስኩ። ሁለተኛውን ዘለልኩት፤ ስዘለው እንዲያውም እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ፣ ለክብሩ። ሦስተኛውን «ቤት» አልኩና ይጠረግ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከታች «ጫን» የምትል ቁልፍ ብቻ ቀረች። ጣቴን ወሰድኩ፤ ወስጄም ቆምኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሑሴን።

«ስዋፑ ጠቧል መሰለኝ።»

«ተጫን።»

«ትንሽ ከሊኑክስ ወስደን ወደ ስዋፕ ብንጨምር...»

«ወላሂ አንተ ሰውዬ፣ ጀነት በር ላይ ብትደርስ በየትኛው በር ልግባ ብለህ ስታቅድ ይዘጋብሃል። ተጫን አቦ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት፤ ሌላ ወረቀት አውጥቼም አዲስ ስሌት ጀመርኩ። ሑሴን ፊቱን አዞረብኝ። በዚህ መሀል የአስካለ ስልክ ጮኸ። እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ድምፁን ለቀቀችውና ስልኩን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ አስካለ፣ ዘይነባ ነኝ። አረንጓዴ ሻርፕ የሰፋሽልኝ።»

«ዘይነባዬ። የት ነሽ ልጄ?»

«ጅዳ ነኝ እትዬ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እማዬ አረፈች። ትላንት ቀበሯት አሉኝ። ያቺ ፎቶ... አለች እንዴ? እኔ ዘንድ ምንም የለም፤ ስልኩም ባሕሩ ላይ ቀረ። ፊቷ ሊጠፋብኝ ነው እትዬ።»

አስካለ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«አለች ልጄ» አለቻት። «አስቀምጠሽ የሄድሽበት ቦታ ነው ያለችው።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ግድግዳው ላይ ካለው ዕቅድ ቀይ ክሯን ነበር የምታየው። እኔ ሁሉንም ሰርዤ ወጣሁ፣ ፍላሹን ነቀልኩ፣ ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሣሁት። አሮጌው ዊንዶውስ ተነሣ። ክቧም መሽከርከር ጀመረች።

እንዴት እንደተሽከረከረች ልነግራችሁ አልችልም። ቬንቲላተሩን ሑሴን አንስቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ደቀነው። እኔ ማያ ገጹን እንደ በሽተኛ ግንባር እየዳሰስኩ በሐፍረት አለቅሁ።

«ዘይነባ፣ ትንሽ ይቆያል፤ እርጅና አለበት» አልኳት።

«ግዴለም ጋሼ። ዛሬ ማዳም ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ትላንት ስሰማ ግን እንግዳ ነበረ፤ ሻይ ሳቀርብ ዋልኩ።»

«አላለቀስሽም?» አለቻት አስካለ።

«የት ሆኜ ላልቅስ እትዬ?»

አስካለ ነጠላዋን አወረደችና አዘቀዘቀችው። ከመኪናዋ ጀርባ ወጥታ ምንጣፉ ላይ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። «እስኪከፈት ድረስ ስለ እናትሽ ንገሪኛ» አለቻት። «እኔ እኮ አላየኋትም። አደራሽን ከፍቼ አላውቅም።»

ዘይነባም ነገረችን። እናቷ ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ ነበር። ጩኸቷ ከባድ ስለነበር የጎረቤቱም ማሳ ወፍ አብሮ ይነሣል፤ ጎረቤቶቹ የራሳቸውን ጠባቂ ሳያስቀምጡ ከርመው በምርቃት ይሸኟታል። ከፊት ጥርሷ አንዷ ወልቃ ስለነበር ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች። ግን ሳቅ ትወድ ስለነበር ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ ነበር የምትሠራው። እዚህ ላይ ሳቅን፤ ዘይነባም ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። አስካለም አብራት አለቀሰች። እኔን አትጠይቁኝ፤ ማያ ገጹን ነበር የምጠርገው።

ሑሴን በዚያ ቀትር ተነሥቶ ወጣና በራፉ ላይ ጫቱን ሲተፋ ሰማሁት። ገና ሙሉ ጉንጭ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የቃመ ያውቀዋል። አፉን ተጉመጥሙጦ ተመለሰና ስልኩ አጠገብ በርከክ ብሎ «እህቴ፣ ሑሴን እባላለሁ፣ ጎረቤታቸው ነኝ። ለእናትሽ ፋቲሓ እንቅራላቸው» አላት። የሥላሴ ሥዕላችን ከግድግዳው ሆኖ እያየን፣ ሑሴን ከታች እጁን ዘርግቶ፣ እሷ ከጅዳ እየተከተለችው ፋቲሓውን ቀሩ። ሲጨርሱ እኔም አስካለም አሜን አልን።

እዚህ መሀል ልብሷን ልትወስድ አንዲት ደንበኛ ገባች። የአስካለን ነጠላ አየች፣ ስልኩን ሰማች፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ቆይታ ቆይታ ነው ወደ እኔ ጠጋ ብላ «የማን እናት ናቸው?» ያለችኝ። ነገርኳት። «ነፍስ ይማር» ብላ እንደገና ተቀመጠች። እንዲህ ሆኖ ስፌት ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ክቧም መሀላችን ላይ እየተሽከረከረች ቆየች። ከልቤ ልንገራችሁ፣ ያን ቀን አልቸኮልኩባትም።

ሲከፈት አስካለ ተነሣችና «ዘይነባ አረንጓዴ ሻርፕ» ላይ ደርሳ ጣቷን ገታች።

«ልጄ፣ ልክፈተው?»

«ክፈቺው እትዬ።»

ማማ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ነች። አንድ እጇ አፏ ላይ ነው፤ ዓይኗ ግን በሙሉ ይስቃል። ላክንላት።

«ጥርሷን ደብቃለች» አለች ዘይነባ። «አየሻት እትዬ? ደብቃለች።»

«አየኋት ልጄ። ቆንጆ ነች።» አስካለ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ከዚህ ወጣች ማለት ነው?»

«የለም፣ እዚህም አለች። እዚያም ደርሳለች።»

አስካለ ይህን ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ዘይነባን «አደራሽን ወስደሻል፤ ከእኛ ዘንድ ላጥፋው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ አይሆንም እትዬ። እዚያም ትቀመጥልኝ። የእኔ ስልክ ምን ይታመናል?»

ስልኩ ከተዘጋ፣ ደንበኛዋም ልብሷን ይዛ ከሄደች በኋላ፣ የሆነ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ዊንዶውሱ እንደተከፈተ የዲስኩን ካርታ አወጣሁ። ግራ ሲ፣ መሀል ዲ፣ ቀኝ ኢ፤ እንደ ወረቀቴ ነው። ግን እያንዳንዳቸው ላይ ጠቅ አድርጌ ቁጥራቸውን ሳይ፣ ዲ ሦስተኛ ነው። የቀድሞው ጌታ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ከፍሎ፣ የመሀሉን ኋላ ነው የቆረጠው፤ ቁጥሩ ደግሞ የሚሰጠው በተቀመጡበት ሳይሆን በተወለዱበት ተራ ነው። እኔ ሁለተኛውን በክብር ዘልዬ፣ አደራውን ሦስተኛ ብዬ ይጠረግ ብዬበት ነበር። የቀረችው አንዲት ቁልፍ ነበረች።

ለሑሴን አሳየሁት። «ሱብሓነላህ» አለና ተጫን ተጫን ያለኝን አስታውሶ መሰለኝ አንገቱን ደፋ። ለአስካለ ላለመናገር አላሰብኩም፤ ማሰብ አልቻልኩም። እንደሆነው ነገርኳት። ቁጭ ብላ ቀይ ክሯን ብዙ አየችው።

«ለምን አልተጫንከውም?»

«ስዋፑ ጠቦኝ።»

«እግዜር ስዋፕህን ይባርከው» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ሳይ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ። ስቃ ስትጨርስ ወደ ሑሴን ዞረች። «ያንን ትርፍ ዲስክህን አምጣው። ቅዱት። ግን ከዚህ ቤት አይወጣም፤ የልብስ ቁልፍ ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማኖረው።»

«ሁለተኛው የማን ነው ስትዪን አልነበር?» አላት ሑሴን።

«የእነሱ ነዋ። የማን ይሆናል?»

ሊኑክሱን የጫንነው ከዚያ በኋላ ነው። አደራው በቆርቆሮው ውስጥ ስለተቀመጠ ዲስኩን ጥርግ አድርገን፣ እንደ ሑሴን መጀመሪያ ሐሳብ፣ በቀላሉ ከፋፈልነው። ትልቁ ክፍል የልጆቹ ሆነ፣ የተረፈው የእኛ። ዕቅዴን ማንም አላየውም፤ አስካለ ግን ወረቀቱን ከግድግዳው አላወረደችውም። ስዋፑን በተመለከተ ሑሴን እስከ ዛሬ ሰፍቷል ይላል። ሰፍቷልም።

ኮምፒዩተሩ አሁን ቁልፉን ስትጫኑ ይከፈታል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ይከፈታል። እኔ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያስነሣሁ አሳያለሁ። አስካለ ግን እንደጠበቅሁት ደስ አላላትም፤ ምን ጎደለሽ ስላት ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

የጎደላትን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ስልኳ ጮኸና አነሣችው። ሰይድ ነበር፤ ዚፑን የሰፋችለት። የት እንዳለ ተናገረ፣ ሥራ እንዳለው ተናገረ፣ ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች አሉኝ አለ። አስቀምጦት የሄደው የእሷ ፎቶ ነበር። «ጨቅላ ሳለች ነው የተለየኋት፤ እስቲ ልያት» አለ። እኔ ዘልዬ ኮምፒዩተሩን አስነሣሁ። እሱ ሌላ ቃል ሳይጨምር ተከፈተ። ሰይድ ልያት ብሏልና ፎልደሩንም ከፈትን፤ አንዲት ቅንድቧ የተኳለ ሕፃን ማያ ገጹን ሞልታ ታየናለች።

አስካለ ሕፃኗን አየቻት። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ገና እየከፈተ ነው ልጄ» አለችው። «እርጅና አለበት፣ ትንሽ ይቆያል። እስኪከፈት እስቲ አጫውተኝ፤ እንዴት ከረምክ?»

ለሊኑክሴ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁትና ቬንቲላተሩን አንስቼ ወደ እሷ አዞርኩላት።